የደቻቱ በረዶ

ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ለገሃር ጣቢያ በሊቶሪና ባቡር ተሳፈርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ቆሻሻ እያነደደ በረዶ የሚሠራ ሰው አለ ተብሎ፣ የማዘጋጃ ቤት አለቃዬ አይቼ እንድመጣ ልከውኝ ነው። «የእኛ ሕዝብ ይቀበለው እንደሆነም አጥናልኝ» አሉኝ። እኔ ራሴ አልቀበለውም፤ ግን አበል አለው።

አዋሽ ላይ ማካሮኒ በልተን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ዓይኔን ከደነው። ግመሎች በመስኮቱ ሲያልፉ አየሁ፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ድሬ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው።

ዓርብ

ባለ በረዶው ዩሱፍ የድሮ የባቡር መካኒክ ነው፤ ቤቱ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ደረቁ አሸዋ አጠገብ ነው። ሰው አሸዋው ላይ የጣለውን የቡና ገለባና ገረባ፣ ማለትም ተቅሞ የተረፈውን የጫት እንጨት፣ አድርቆ ያነዳል። በእሳቱ የእንፋሎት ሞተር ይዞራል፤ ሞተሩ ውሃውን ያረጋል። በዚያ ንዳድ መሃል ነጭ በረዶ ከሳጥኑ ሲወጣ ሕልም መሰለኝ። ቁራሽ ሰጠኝ።

«ጥርሴን ያመኛል» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ተጸይፌ ነው።

«አንተም?» አለኝ። ድሬ ላይ ለሁሉም «አንተ» ነው። «አቦ፣ ጨረቃ ከታየች ነገ ረመዳን ነው። በረመዳን ካልገዙኝ ማሽኑን ፈታትቼ መሸጥ ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበት!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም አፈርኩ።

ሰውን ያሳደመችበት ጎረቤቱ ባለሱቋ ፋጡማ ናት። «የሰው ትራፊ በነደደበት በረዶ አላፈጥርም» ብላለች አሉ።

ቅዳሜ

ጾሙ ገባ። ፀሐይዋ ጉድ ነው! በቀትር ፋጡማ ራሷ ጆንያ ተሸክማ ከች አለች።

«ዩሱፍ፣ ይሄ የቤቴ ገረባ ነው። ወላሂ ንጹሕ ነው። የእኔን በረዶ በዚህ ብቻ ሥራልኝ። የሌላ ሰው እንዳትቀላቅል!»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዩሱፍ በዓይኑ ገሠጸኝ። ጆንያውን እፊቷ እሳቱ ውስጥ ገለበጠው። አንድ ጆንያ ጥቂት ደቂቃ ነድዶ እንደሚያልቅ፣ ለበረዶ እንደማይበቃ ያውቃል፤ አልነገራትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ በሴቶች ተሞላ። በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም «የእኔን ለእኔ!» ይላሉ። ሁሉም የየቤቱን ቆሻሻ አቅፏል። ዩሱፍ የሁሉንም በየተራ እየተቀበለ እሳቱ ውስጥ ይገለብጣል።

ማታ የማፍጠሪያው አዛን እንደተሰማ ፋጡማ የሎሚ ውሃ በበረዶ አድርጋ አመጣችልኝ። «ጠጣ፣ ከእኔ ገረባ ነው» አለችኝ። ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ብርጭቆ ደገምኩ።

እሑድ

ዩሱፍ አንድ ጉማጅ በረዶ በሰጋቱራና በጆንያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ስደርስ ጡብ አክሎ ቀርቶ ነበር። ቤቴ ሳልገባ ወደ አለቃዬ ቤት ሄድኩና ብርጭቆ ውስጥ ሰብሬ አቀረብኩላቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ተወኝ ልጄ፣ ጥርሴን ያመኛል» አሉ።

«እንግዲያው ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ነገ ከቤትዎ አንድ ጆንያ ቆሻሻ ያዘጋጁልኝ።»