ጭቃ የመረግሁበት ወይራ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መምሬ አድማሱ ያስረከቡኝ ዕቃ ፊሽካ፣ ገጀራ፣ መሰላልና አንድ አሮጌ ካኪ ኮት ነበር። የኮቱ ቀኝ እጅጌ ከትከሻ እስከ አንጓው ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል።

«ምን ነክቶት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መምሬ የደብሩ አለቃ ናቸው፤ ነገር ማድበስበስ አያውቁም። «ከአንተ በፊት የነበረው ጠባቂ ማር ያለ መስሎት የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ እጁን ሰደደ። እባብ ነደፈው። ክንዱ አብጦ ኮቱ አልወልቅ ስላለ እጅጌውን ቀደድነው» አሉኝ።

«ዳነ?»

«ቢድን ኮቱ ለአንተ ይደርስህ ነበር?»

ደናችን ከገነተ ማርያም ማዶ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ ያለ የጥድና የወይራ ደን ነው። የጠባቂ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ከብት ማስወጣት፣ እንጨት ቆራጭ ሲመጣ ፊሽካ መንፋት፣ በበዓል ዋዜማ የደረቀ ቅርንጫፍ መመልመል። እኔ ግን ያን ኮት ከለበስኩ ጀምሮ የሚታየኝ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። ያረጀ ወይራ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም። መሰላል ስወጣ ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ እከት ነበር። በአንድ እጅ መሰላል መውጣት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

በትልቁ ወይራ ላይ ጀርባዋ ነጣ ያለ ጥቁር ትንሽ ወፍ ስትመላለስ አያለሁ። በአፏ ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበትና የበግ ጠጉር ትይዛለች። ቆሜ ሳያት ግን የትም አትሄድም፤ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ሥራ የፈታች ትመስላለች። እኔም ከዚያ በላይ አላሰብኩባትም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ወር በገባ በሃያ ከሰዓት በኋላ፣ ያንኑ ወይራ ልመለምል ወጣሁ። ስፋቷ አንድ ጣት ተኩል የምትሆን ቀዳዳ አጠገብ ገጀራዬን ሳሳርፍ ከውስጥ «ሽሽሽ!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ አንድ ነገርም ግንዱን ከውስጥ መታው። የመሰላሉን እርከን መርገጤን አለመርገጤን አላውቅም፤ መሬት ላይ ተገኘሁ።

መምሬ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። «እባብ ነው? አየኸው?»

«አየሁት፣ መምሬ። ጥቁር ነው» አልኩ።

ያየሁት ነገር አልነበረም። አላየሁም ብል «ውጣና እይ» ይሉኛል ብዬ ነው።

በእኛ ደብር እባብ ያለበት ቀዳዳ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው በጭድ ይቦካል፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። «ነገ ማርያም ናት። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚቀመጡት እዚያ ሥር ነው፤ ድፈነው» አሉኝ መምሬ። ጭቃውን በረጅም እንጨት ጫፍ አድርጌ፣ ፊቴን አዙሬ መረግሁት። ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ከውስጥ ይነፋ ነበር። ከዚያ ዝም አለ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ሕዝቡ ወይራው ሥር ሞልቶ ሳለ ሲሳይ የሚባል ከላሊበላ ወፍ የሚያሳይ አስጎብኚ አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ዛፉ አቅንታ ቀረች። ሲሳይም አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወፍ ጭቃው ላይ ምን ሆኖ ነው?»

ቀና አልኩ። ጀርባው ነጣ ያለ አንድ ጥቁር ወፍ አረንጓዴ ትል በአፉ ይዞ ጭቃው ላይ ይንጠለጠላል፣ ይበራል፣ ተመልሶ ይንጠለጠላል።

«እባብ ገብቶበት ነው የደፈንኩት» አልኩት።

«እባብማ ትል የሚያመጣለት ባል የለውም! እነዚህ የሚፈለፍሉት ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳው አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ ጠላት ደጃፏ ከቆመ እናቲቱ በየት ትወጣለች? ስለዚህ አትሸሽም። ጫጩቶቿ ላይ ተኝታ እንደ እባብ ትነፋለች፣ በክንፏ ግንዱን ትመታለች። ምናልባት የደፈኑት እሷን ይሆናል» አለኝ።

«ምናልባት» ነው ያለው። ተሳስቶ ከሆነ በእነዚያ ሕፃናት አናት ላይ እባብ ልለቅ ነው። ልክ ከሆነ ደግሞ እናትን ከነልጆቿ በቁሟ ቀብሬ አድሬአለሁ።

እናቶቹን «ቅርንጫፍ ሊወድቅ ነው» ብዬ አስነሣኋቸው፤ ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ሲሳይ መሰላሉን ያዘልኝ። በግራዬ ለመብራት ስልኬን፣ በቀኜ ገጀራ መያዝ ነበረብኝና ቀኝ እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ጭቃው ደርቋል። በገጀራው ጫፍ ስፈለፍለው ከውስጥ ምንም አይሰማም። የመጨረሻው ጓል ሲወድቅ ግን «ሽሽሽ!» አለ።

መሰላሉ ከእኔ ጋር ተንቀጠቀጠ። «አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ!» ይላል ሲሳይ ከታች። የኮቱን ስፌት አየሁ። መውረድ ፈለግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከመውረድ በቀር ምንም አልፈለግሁም። ከዚያ ስልኩን አበራሁ።

መዳፌን የማትሞላ ወፍ ናት። አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች። ከሥሯ አራት ጫጩቶች ነበሩ፤ ሁለቱ አንገታቸውን ያነሣሉ፣ ሁለቱ አያነሡም። እግሬ መሬት ሳይነካ ባልየው ትሉን ይዞ ገባ።

መምሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ደጃፍ ጠበቅኋቸው። «እባብ አልነበረም፣ ወፍ ናት። ትናንት አየሁ ያልኩዎትም አላየሁም ነበር። ፈርቼ ነው።»

ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው አዩኝ።

«ፈራሁ ብትለኝ እኔ እወጣልህ ነበር» አሉኝ።

ዘንድሮ ሥራውን አስረክቤአለሁ። ቀዳዳ መፍራቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለአዲሱ ጠባቂ ኮቱን ስሰጠው የእጅጌውን ነገር ነገርኩት፣ የወፏንም ነገርኩት። «ቀዳዳ ከመድፈንህ በፊት አብርተህ እይ። ማየት ከፈራህ ፈራሁ በል» አልኩት።