የዋጊማን ወፍ አስተማሪ

ዋጊማን ወፍ ያሳድጋል ይባላል፤ ቤቱን ያየ ግን ወፏ ናት እሱን የምታሳድገው ይላል። ሚስቱ ቱሚኒ ማድቤት ውስጥ አኩሪ አተር ቀቅላ፣ አብላልታ ቴምፔ የሚባለውን ምግብ አዘጋጅታ፣ ገበያ ሸጣ ስትመለስ፣ እሱ ከተንጠለጠለው የወፏ የሽቦ ጎጆ ስር እግሩን አጣጥፎ ያፏጫል። ይኸው ነው ሥራው።

በየእሁዱ በሚደረገው የወፎች የዘፈን ውድድር ግን የሚያሸንፈው ጎረቤቱ ፓርጂዮ ነው። ዋጊማን አንጀቱ አረረ። ሌላው ሰው ወፉ ዜማ እንዲቀዳ ፌንጣ አጠገቡ ያኖራል፤ እሱ የተሻለ አስተማሪ አገኘሁ አለ፤ የማድቤቱን የቀርከሃ ጣሪያ የምትቦረቡረዋን ትልቅ ጥቁር የዱር ንብ። ጎጆውን ወስዶ እዚያው ሰቀለው።

ሻይ ቤት ቁጭ ብሎም ሰበከ። ወፏም ንቧም ከአንድ አበባ ይጠጣሉ፣ ሁለቱም አየር ላይ ቆመው ይርገበገባሉ፤ እንዲያውም ንቧ ትበልጣለች፣ ወፏ ጭራሮ ለቅማ ቤት ስትሠራ እሷ እንጨት በጥርሷ ትፈለፍላለች። አንዱ ታዲያ ለምን ንቧን አታወዳድርም ቢለው፣ ከልቡ ተቀየመ።

ንቧ ዘመዶቿን ጠራች። የቀርከሃ ብናኝ በቱሚኒ ድስት ውስጥ ይዘንብ ጀመር። ቀዳዳውን በጋዝ በተነከረ ጨርቅ ልድፈነው ብትል፣

"የልጆቹ እናት፣ ለአስተማሪ ደሞዝ ባንከፍል ቤት እንከልክል?" አላት።

እሁድ ደረሰ። ዋጊማን ከአጥሩ ዳር ሆኖ አፏጨ። ወፏ ደረቷን ነፋች፣ አፏን ከፈተች፤ "ዝዝዝዝ" አለች። የድሮ ዜማዋን ድራሹን አጥፍታዋለች። ዳኛው ንብ መጣ ብሎ ኮፍያውን ይዞ ዛፍ ዛፉን አየ። ፓርጂዮ ሳቁን መሸከም አቅቶት መሬት ቁጭ አለ። ዋጊማን ዳኛው ደንቆሮ ነው እያለ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

የማድቤቱ ጣሪያ ተሰብሮ ድስቶቹ ላይ ተኝቷል። የነገው ቴምፔ አፈር ሆኗል። ቱሚኒ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"እሺ፣ ምን ዘፈነች?"

ዋጊማን ጎጆውን ከጀርባው ደበቀ። ወፏ ግን አልጨከነችባትም፤ "ዝዝዝዝ" አለቻት።

"ንቧስ ወፏን አስተማረች" አለች ቱሚኒ፤ "አንተን የሚያስተምር ነው የጠፋው፣ የልጆቹ አባት።"

ጎጆውን ከእጁ ነጥቃ ፓርጂዮ ቤት ሄደች። ስትመለስ በወፏ የለወጠችውን ለጣሪያ የሚሆን ረጃጅም ቀርከሃ በትከሻዋ ይዛለች። የኋላውን ጫፍ የተሸከመው ዋጊማን ነበር፤ ፓርጂዮ በሩ ላይ ቆሞ እያየው።