ወንዙ ድሮ የት ነበር?

ትላንት ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከዛሪማ በታች የሚገኙ የሁለት መንደሮች ሽማግሌዎች ወሰን ለመለየት ወንዝ ዳር ተቀመጡ። እስከ ማታ አልተስማሙም። ይህን በስልክ የነገረኝ ስፍራው ላይ ያለ ወጣት ዘጋቢ ነው። «ጋሼ፣ አንደኛዋን መንደር ያውቋታል አሉኝ። ወንዙ ድሮ የት ነበር?» አለኝ።

አውቃታለሁ። ጉዳዩ ስላላለቀ ስሟን አልጽፍም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በጥር፣ የመንደሯን ታሪክና አቀማመጥ እንድጽፍ ከጎንደር ተላክሁ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን ዛሪማ ስንደርስ የደጋው ብርድ ቀርቶ ሙቀት ተቀበለን፤ ካፖርቴን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ በእግር ቀጠልኩ። መንደሯ ጉብታ ላይ የተሰበሰቡ ቤቶች ናት። ከሥሯ እስከ ውሃው ድረስ ማሽላው የታጨደበት ሰፊ የደለል ማሳ ተዘርግቷል። ወንዙ ከማዶ መንደር ጋር ወሰን መሆኑን ማንም አይደብቅም። ቦታ ቀይሮ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቅ ግን ወሬው ይቆማል።

ያሳደሩኝ አያ ተገኘ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ከማሳው ትልቁ ድርሻ የእርሳቸው ነው። የትም ብሄድ ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ አይጠፉም።

«ምነው ልጄ፣ ስለ ወንዝ ይህን ያህል መጠየቅ? ማዶዎች ናቸው የላኩህ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ፣ አያ።»

«ማዶስ ጋዜጠኛ መላክ ያቅተዋል?»

ባለቤታቸው ትኩስ የማሽላ ቂጣ እያቀረቡ፣ «ይተዉት እንጂ፤ ዘር ቆጥሮ የሚጠይቀው የወንዙን ልጅ ሊያገባ ይሆናል» ብለው ሳቁ። አያ ተገኘ ግን አልሳቁም።

በከተራ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ካሜራዬን ይዤ ወደ ወንዙ ቀደምኩ። ማንም አልተከተለኝም። ዞር ስል ሰልፉ በማሳው መካከል ወዳለ ጎድጓዳ ስፍራ ታጥፏል። ድንኳኑ የተተከለው ከአንዲት ሾላ ሥር ነው፤ ውሃ የለም። ሴቶች ከወንዙ በእንስራ እየተሸከሙ ገንዳ ይሞላሉ። ከእግሬ ሥር አሸዋና ውሃ ያለዘበው ጠጠር ነበር።

ቄሱን፣ «አባ፣ ወንዙ እያለ ውሃ መሸከም ለምን?» አልኳቸው።

«ታቦት በየክረምቱ ማረፊያ አይለውጥም፣ ልጄ። አባቶቻችን እዚህ ሲያሳርፉት...»

«አባ! ዲያቆናቱ እየጠበቁ ነው» አሉ አያ ተገኘ ከመሀል ገብተው።

ወንዙ ድሮ በዚያ ጎድጓዳ ይሄድ ከነበረ፣ ከሾላዋ እስከ ውሃው ያለው ማሳ የማዶዎች ነው። ስንመለስ አያ ተገኘ ለብቻዬ ያዙኝ።

«ትጽፈዋለህ?»

«ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«እንግዲያው ሞፈሬንም ጨምረህ ውሰደው።»

በዓሉን ጻፍኩ። ወንዙ በዚያ ማለፉን ግን ከአፉ አውጥቶ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አላሰፈርኩም። ጥርጣሬ ዜና አይደለም፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

ለወጣቱ ዘጋቢ፣ «ስለ ወንዙ አትጠይቅ፤ ታቦቱ የት እንደሚያድር ጠይቅ» አልኩት። ስለ መሬቱ የተጠየቀ ሰው ቃሉን ይመጥናል፤ አገር ያየውን የታቦት ማደሪያ ግን የሚደብቅ አይኖርም ብዬ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ መልሶ ደወለ። ከሁለቱም መንደሮች ሰዎችን ለየብቻ ጠይቋል፤ ቃላቸው አንድ ነው። ዘንድሮ ታቦቱ ከሾላዋ ሥር ማደሩ ቀርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙ ዳር አድሯል።