ዝቅ ያደረግሁት ሚስማር

አያቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ለእኔ የሚታዩኝ ዓለም ገና ከተማ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሽቅብ የሚራመዱት ጣቶቻቸው ናቸው።

ቀኝ ትከሻቸው ደርቆ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልነሳ ሲላቸው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ "ካሳረፉት ይብስበታል። በየቀኑ ጣትዎን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ያራምዱ፤ ወራት ይፈጃል" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ባርኔጣቸው መስቀያ ሚስማር መውጣት ሆነ ሥራቸው። "ላግዝዎት?" ስላቸው፣ "ሚስማሩ ለእኔ ብሎ አይወርድም፤ የምወጣው እኔ ነኝ" ይሉኝ ነበር።

አሳዘኑኝ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሚስማሩን ነቅዬ አራት ጣት ዝቅ አድርጌ መታሁት፤ የቀድሞውን ቀዳዳ በካላንደር ሸፈንኩት። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አላወቁም።

በማግስቱ ጣታቸው ሚስማሩ ላይ ደረሰ። ጎረቤታችንን ኦቦ ለሚን ጠርተው ባርኔጣቸውን ሰቅለው አሳዩዋቸው። "ዳንኩ" አሉና ልምምዱን ተዉት። ትከሻቸው መልሶ ሲያዝ፣ "የስንፍናዬ ዋጋ ነው" እያሉ ራሳቸውን ሲረግሙ ሰማሁ።

ዛሬም ኦቦ ለሚ ለእድርተኛው፣ "ድነው ነበር እኮ፤ ሰነፉ እንጂ" ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ካላንደሩ ሥር ነበር የተቀመጥኩት።

"አዎ፣ ሰነፉ" አልኩ።