ሰው የት ይቀመጣል?

አያቴ ጎንደር ሳሉ ግንበኛ ነበሩ፤ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ሰጉላ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ። እኔ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር መማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ፕላን ባሳየኋቸው ቁጥር ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ይጠይቁኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሐዘን የመጣ ለት ሰው የት ይቀመጣል?»

«በሰደር፣ አባባ» ብዬ በዕብራይስጥ እሺ እላቸውና ወረቀቴን እጠቀልል ነበር። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ገና ሰው ላልገባበት ቤት ምን ሐዘን ይታሰባል?

ባለፈው ወር እሳቸው አረፉ። ሻአሪያ ሰፈር ያለው ሳሎናችን ሃያ ሰው እንኳ አይችልም። አብረዋቸው ድንጋይ የጠረቡ ሽማግሌዎች ሰባቱን የለቅሶ ቀን የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ጎረቤት በወጣና በወረደ ቁጥር ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሡ ያሳልፉ ነበር። ውሃ ይዤ በመካከላቸው ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከለቅሶው እንደተነሣሁ የመመረቂያዬን የአፓርታማ ሕንፃ ፕላን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ምድር ቤቱን ክፍት ተውኩት፤ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው። መምህሬ አይቶ «ሁለት አፓርታማ የሚወጣው ቦታ ባከነ፤ አጥፊው» አለኝ።

አላጠፋውም። ቢጥለኝም ይህንኑ ይዤ ደግሜ እቀርባለሁ።

አባባ፣ ሰው እዚህ ይቀመጣል።