በፔች ከተማ አንድ ቀን ልንውል ነበር

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንድሜና እኔ እስራኤል አገር፣ የሐደራ ከተማ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥን ከእህቴ ጋር በስልክ ስንከራከር ዋልን። ዋልን ማለቴ ማጋነን ነው። ግን ዛሬ ሳስበው ያ ከሰዓት በኋላ ረጅም ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ወንድሜ የሁላችንም ታላቅ ነው። ነበር። እኔና እህቴ ጋሼ እንለዋለን። አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። እህቴ መካከለኛዋ ናት፤ ሃንጋሪ አገር፣ ፔች በምትባል አሮጌ ከተማ ሕክምና ትማራለች። እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ ትምህርቴን ጨርሼ የሠራዊት ጥሪዬን እጠብቅ ነበር። ለበዓሉ ሰሞን ጋሼና እኔ ወደ እሷ ለመሄድ ቲኬት ቆርጠን ነበር። የእሱ ዕረፍት አጭር ስለሆነ፣ መንገዱ ሲቀነስ ፔች ውስጥ የምንውለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ክርክሩም ያ አንድ ቀን እንዴት ይዋል የሚል ነበር።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ጋሼ ቤት ውስጥ ሲያወራ በአማርኛ ስለነበር ነው። በዕብራይስጥ ስጽፈው ድምፁ ይጠፋብኛል።

«ጠዋት ካቴድራሉን» አለች እህቴ ከስልኩ ውስጥ። «አራት ግንብ አለው። ከዚያ አደባባዩ ላይ ያለውን የቱርኮች መስጊድ፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ቀጥሎ ምኩራቡን። ከምሳ በኋላ ተራራው ላይ ወዳለው ማማ እንወጣለን።»

«ቤትሽስ?» አለ ጋሼ።

«ቤቴ ምን አለው?»

«ከቤትሽ እንጀምር። በየትኛው በር እንደምትወጪ ልየው። ከዚያ ትምህርት ቤት የምትሄጂበትን መንገድ በእግራችን እንሂደው። ዳቦ የምትገዢው ከየት ነው?»

«ጋሼ፣ ሰው ከጃፓን ድረስ ካቴድራሉን ሊያይ ይመጣል። አንተ የአውቶቡስ ማቆሚያዬን ልታይ ነው?»

«ጃፓኖቹ እዚያ እህት የላቸውማ።»

ባለ ቲማቲሙ ትዕግሥቱ አለቀ። በዕብራይስጥ፣ «ወንድም፣ ወይ ሃንጋሪ ሂድ ወይ ቲማቲሙን ግዛ» አለው።

«እውነቱን ነው» አለች እህቴ። «ማሙሽ፣ አንተ ንገረው እንጂ። ማማሽ አስቸገረኝ እኮ።»

ማማሽ በዕብራይስጥ «በጣም» ማለት ነው፤ ማሙሽ ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬም ማሙሽ ነኝ። እውነት ለመናገር እኔ ካቴድራሉን ነበር የምፈልገው፤ ፎቶ መነሳት አማረኝ። ግን ጋሼ ዘወር ብሎ ሲያየኝ ቲማቲም መምረጤን ቀጠልኩ።

ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ክፋር ብራንዳይስ፣ ስንመለስ ፌስታሎቹን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ድንገት፣ «ሁልጊዜ የማየው ከጀርባዋ ያለውን ነጭ ግድግዳ ነው» አለ። «ሁለት ዓመት ያው ግድግዳ። ስታጠና፣ ስትበላ፣ ስታለቅስ። ከስልኩ ወዲያ በኩል ምን እንዳለ አላውቅም።»

«ስልኩን አዙሪው በላት።»

«እሱማ ታዞረዋለች። እዚያ ራሴ መቆም ነው የምፈልገው።»

ያኔ ሰው የሚኖርበትን ቦታ ማየት ከጉብኝት የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር። አሁን ግን ሌላ ዓይነት ጉብኝት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እማዬ ቤት ጠበቀችን። ስለ ዕቅዱ ስንነግራት ምስሩን እየለቀመች አዳመጠችን።

«ድንጋይ ለማየት ነው ባሕር የምትሻገሩት? ድንጋይማ ጎንደርም ትተን ነው የመጣነው።»

«ድንጋይ ብቻ አይደለም» አልኳት። «መስጊድ የነበረ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

«ሕንፃም ሃይማኖት ይለውጣል? እኔ ሰው ብቻ መስሎኝ።» ምስሯን ነፋ አደረገቻት። «ይልቅ ቤቷ ይሞቅ እንደሆነ አይታችሁ ኑ። እኔ ስጠይቃት ሁሌም ይሞቃል ነው የምትለኝ።»

ጋሼ እጆቹን ዘረጋ፤ እንዳሸነፈ ሰው። ያን ምሽት ለእህቴ የመጨረሻውን ዕቅድ ላከላት። መጀመሪያ የእሷ በር፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቷ ደረጃ። ካቴድራሉ መጨረሻ ላይ ነበር፤ «ጊዜ ከተረፈ» የሚል ጨምሮበት። እህቴ የሚያለቅስ ፊት መለሰችለት። ሳቀና ተኛ።

በማግሥቱ ከምሳ በፊት ሥራ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ሆስፒታል ስንደርስ አልፏል። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

ቤት ስንመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ እህቴ ሆነች። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «ልጄን አምጡልኝ» ትላለች። ቀብሩ እስከ ነገ እሷን ይጠብቅ ተባለ። ግን እንዴት ትጠራ? በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በሩቅ ካለ ታማሚ አለ ተብሎ ይጠራል። ማለዳ ቤቱ ሲደርስ፣ ወገን ቆሞ፣ ሽማግሌ ይነግረዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሥራው የእኔ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ወደ ደረጃው ይዘውኝ ወጡ።

«አንተ ደውል» አሉኝ። «እኔ ከደወልኩ ታውቃለች።»

እውነት ነው። በሥራ ቀን ቀትር ላይ አጎት ከደወለ የእኛ ልጆች ስልኩን ሳያነሱ ያውቃሉ።

«እናትሽ ታማለች፣ ቶሎ ነይ በላት። ሌላ አትጨምር።»

«እሷ የሕክምና ተማሪ ናት እኮ፣ አጎቴ። ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት ይላሉ?»

«አላውቅም በል። አለማወቅ ውሸት አይደለም።»

ደወልኩ። ወዲያው አነሳች።

«እማዬ ታማለች። ነይ።»

«ምኗን?»

«አላውቅም።»

«ታወራለች? ደረቷን ነው? ደም ግፊቷን ለኩት?»

«ታወራለች። ሌላውን አላውቅም።»

«እሺ። ጋሼን ስጠኝ።»

ለዚህ አልተዘጋጀንም ነበር፤ አጎቴም እኔም። ቤታችን ውስጥ ሰው ሲታመም ስልኩን የሚይዘው፣ ሐኪሙን የሚያናግረው፣ ወረቀቱን የሚሞላው እሱ ነው። አጎቴን አየኋቸው። እሳቸው ደረጃውን አዩ።

«መኪና ማቆሚያ እየፈለገ ነው» አልኩ።

ከወዲያ በኩል የትራም ይሁን የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማኝ፣ ሰዎችም በማላውቀው ቋንቋ ሲያወሩ። መንገድ ላይ ነበረች። ነጩ ግድግዳ እንኳ አልነበራትም።

«አዎ፣ እዚያ ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው» አለች በመጨረሻ። ቀስ ብላ። «አሁንም ከበሬ ነው መጀመር የሚፈልገው?»

«አዎ።»

«ዳቦ ቤቱንም?»

«ዳቦ ቤቱንም።»

«ተሸንፌያለሁ በለው። እሱ እንዳለው ይሁን። ወደ ባቡር ጣቢያው እየሄድኩ ነው።»

ዘጋችው። አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጎበዝ» አሉኝ። ጎበዝ መባል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ሰው ቤቱን ሞላው። እኔ ጥግ ይዤ እሷን ብቻ አስብ ነበር። አሁን ባቡር ላይ ናት፤ አሁን ቡዳፔስት ደርሳለች፤ አሁን አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከማታውቀው ሰው አጠገብ ቀበቶዋን አስራለች። ሽማግሌዎቹ የፈሩት ብቻዋን እንዳትወድቅ ነው። ገባኝ። በጎንደር መንገዱ በእግር የቀናት ነበር፤ መርዶ ሰምቶ ገደል የሚገባ ይኖራል። ግን አውቃ ከሆነስ? አውቃ ከሆነ ያ ሁሉ መንገድ ሐዘኗን ብቻዋን ይዛ እየመጣች ነው፣ ጥበቃችንም ብቸኝነቷን ከማብዛት በቀር ምንም አልረዳትም። እሷን ከምን እየጠበቅናት እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ፀሐይ ሳትወጣ ከአጎቴ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። እሳቸው መኪናው ውስጥ ቀሩ።

«ፊትህን ታጠብና ግባ» አሉኝ። «ቤት እስክንደርስ እናትሽ ደህና ናት በላት። ቃሉ የእኔ ነው።»

ፊቴን ታጠብኩ። የሚመጡ ሰዎች በሚወጡበት በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ፊኛ የያዙ ቤተሰቦች ነበሩ። እህቴ አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይዛ፣ የሐደራ ሰው በዚህ ወር የማይለብሰውን ወፍራም ካፖርት ለብሳ ወጣች። አየችኝ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልተመለከተችም፤ ሌላ ሰው አልፈለገችም። ያኔ ገባኝ።

ሄድኩና፣ «ጋሼ ሞተ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማቆሚያ እየፈለገ ነው ስትለኝ። እማዬ ታማ ጋሼ ማቆሚያ አይፈልግም፣ ማሙሽ። መኪናውን መሐል መንገድ ላይ ትቶት ነው የሚገባው።»

ግንባሯን ደረቴ ላይ አደረገች። አላለቀሰችም። ከብዳኝ ነበር፤ ያ ካፖርት ከነእሷ። ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ዞረውን አለፉ።

«ታዲያ ለምን ስለ ዳቦ ቤቱ ጠየቅሽኝ?»

«ድምፅህ ሊሰበር ነበር። ስልኩ ላይ እንድትሰበር አልፈለግኩም።» ፊቷን ቀና አደረገች። «አጎቴ ውጭ ናቸው?»

«አዎ። እንዳልነግርሽ ብለውኛል።»

«እንግዲያው አልነገርከኝም።»

መኪናው ውስጥ አጎቴ፣ «እናትሽ ደህና ናት፣ ትንሽ ድካም ነው» አሏት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጎቴ» አለች። ከኋላ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ክፋር ብራንዳይስ ስንደርስ ከሕንፃችን በታች ሰው ቆሟል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሌላው። ይህን ላየ ሰው ንግግር አያስፈልገውም። አጎቴ ግን ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ዞረው በሯን ከፈቱላት።

«ልጄ፣ ጽኚ» አሏት። «ወንድምሽ ተለይቶናል።»

እህቴ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ለእሳቸው ብላ የምታደርገው መሰለኝ። ቀጥሎ ወደቀች። ያ ማስመሰል አልነበረም። ለካ እኔ አውሮፕላን ማረፊያ የነገርኳት የምታውቀውን ነው። መርዶው ግን ገና አሁን ደረሳት፤ ብቻዋን የያዘችውን እንድትጥለው የሚፈቅድላት ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ሲቆም። ሁለቱም ያስፈልጓት ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም።

አጎቴ በአንድ ወገን ያዟት። እኔ ከወንዶቹ ጋር መቆም ነበረብኝ፣ አልቆምኩም። ሄጄ ሌላውን ክንዷን ያዝኩ። የሕንፃችን ደረጃ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በጎናችን እየሆንን፣ በየደረጃው እየቆምን፣ እማዬ ወዳለችበት ወጣን።