እኔ አነባለሁ፣ እናንዬ ትነግረኛለች

የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ጥያቄዎችን ላሊበላ ፎቶ ኮፒ ቤት አስገልብጬ፣ ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ ቀለሙ ሲሸተኝ፣ በሐሳቤ ልጅነቴ ላይ ተመልሼ ብልባላ አራተኛ ክፍል አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ፤ በቀኜ እናንዬ፣ ጸጉሯ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ።

ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ፣ ብልባላ ላይ እንደኔ የሚያነብ አልተወለደም። ቄስ ትምህርት ቤት ውዳሴ ማርያሙን እንደ ውሃ ስለጠጣሁት፣ የአማርኛ መጽሐፉንም በዚያው ዜማ ሳወርደው አህያ የሚነዳ መንገደኛ እንኳ መስኮቱ ስር ቆሞ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሚል ከጠየቃችሁኝ ግን ጉድ ፈላ። የኔታ "አንተ ዝም ብለህ አንብብ፣ ምስጢሩ ኋላ ይመጣል" ብለውኝ ነበር፤ ይኸው እስካሁን እየጠበቅኩት ነው።

እናንዬ ደግሞ ፊደሉ እያየችው ይጠፋባታል፤ አንዴ የሰማችውን ግን እስከ ሥሩ ታውቀዋለች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትነግረኛለች። "አንተ ቴፕ!" ትለኛለች፣ "ታወራለህ እንጂ የምታወራውን አትሰማም።" አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲሉን እኛ አንድ ለአንድ ተደራጅተን ነበር።

የዓመቱ መጨረሻ የንባብ ፈተና ግን ለየብቻ ሆነ። የወደቀ ይደግማል፤ እናንዬን ደግሞ አባቷ "ከወደቅሽ ትምህርት የሚባል የለም" ብለዋታል። ተራዋ ከኔ ቀጥሎ ስለነበር፣ በር ላይ ሆና እንድትሰማ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼ አነበብኩት፦ አንዱ የከተማ ሰው ለልጁ ኬክ ይዞ ሊፍት ውስጥ ገባ፣ መብራት ጠፋ፣ ልጅቱ ጠበቀች ጠበቀች። ኬክም ሊፍትም አይተን አናውቅም። ቲቸር "አባትየው ለምን ዘገየ?" ሲለኝ፣ "ጠላ ቤት ገብቶ ነዋ!" አልኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀና ለንባቡ ብሎ አሳለፈኝ።

እናንዬ ገባች። አንዲት ቃል ማንበብ አቃታት። ጥያቄው ሲመጣ ግን፣ "ሊፍት የሚሉት እንደ ወፍጮው መብራት ሲሄድ የሚቆም ነገር ነው፤ አባቷ እውስጡ ቀርቶ ነው" አለች።

"ሳታነቢ ከየት አመጣሽው? ማን ነገረሽ?" አላት ቲቸር።

በሩ ስር ቆሜ እሰማለሁ። ገብቼ "ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ የገባት ግን ራሷ ናት" ማለት ነበረብኝ። ማለፌ እንዳይሰረዝብኝ ፈራሁና ጀግናው እኔ ዝም አልኩ። እሷም ስሜን አላነሳችም። ዜሮ ሰጣት። መስከረም ላይ በቀኜ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ፤ ኩልመስክ አክስቷ ዘንድ ልከዋት ነበር።

የመንጃ ፈቃዱን ጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያን ትኩስ ወረቀት እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ድምፄ እንዳለ ነው። ጨረስኩና፣ ምን እንደሚል እንድትነግረኝ ወደ ቀኜ ዞርኩ። ማሽኑ ነው ያለው። እሱም እንደኔው ይገለብጣል እንጂ የሚለውን አያውቅም።